የቀበሌው መዝገብ፦ ልደታ በሁለት ሥርዓት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን መሬት በሙሉ፣ ከአንድ መኖሪያ የተረፈውንም ቤት ሁሉ የመንግሥት አደረገው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ፤ ከዚያ በላይ ያለው ተወረሰ። በዚያ ክረምት በልደታ ማርያም ዙሪያ፣ በጌጃ ሰፈር፣ በሰንጋ ተራና በአብነት ጭቃ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ፣ ጠላ ጠምቃ የምታድረው ሴት፣ ከገጠር መጥቶ ዘበኛ የሆነው ወጣት የአዋጁን አንቀጾች የሚተነትንለት አላስፈለገውም። ወር ሲሞላ በር የሚያንኳኳው አከራይ ቀረ። ኪራዩም ወረደ፤ ትንሽ ኪራይ የሚከፍለው እስከ ግማሽ ድረስ ተቀነሰለት።

ደስታው የምር ነበር። ከዚያ በፊት የአዲስ አበባ የግል መሬት አብዛኛው በጥቂት ቤተሰቦች እጅ የነበረ ሲሆን፣ ከነዋሪው እጅግ ብዙው ተከራይ ነበር። አከራዩ ሲያሻው ኪራይ ይጨምራል፣ ሲቆጣ ያስወጣል፤ ተከራዩ አቤት የሚልበት ቦታ አልነበረውም። አዋጁ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ለአዲሶቹ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ማለትም ለቀበሌዎች ሰጠ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ገቡ። «የቀበሌ ቤት» የሚባለው ነገር የተወለደው ያኔ ነው። ያንን ቤት የወለደው መንግሥት ከወደቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቤቱ ግን ዛሬም ሰው ይኖርበታል።

ሶሻሊዝምና ካፒታሊዝም ሲነጻጸሩ ክርክሩ ቶሎ ብሎ ወደ ማርክስና ወደ አዳም ስሚዝ፣ ወደ ሞስኮና ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል። ይህ ምዕራፍ ከዘጠኝ ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም ከማትበልጥ አንዲት ክፍለ ከተማ እምብዛም አይርቅም። ምክንያቱም በልደታ ብዙ ሰዎች ሁለቱንም ሥርዓት የኖሩት በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ስለ ሥርዓት ለማወቅ የፈለገ ሰው ሌላ አገር መሻገር ሳያስፈልገው እዚያው የልጅነቱንና የእርጅናውን ዘመን ማስተያየት ይችላል።

ወታደራዊው መንግሥት ደርግ ሶሻሊዝምን ያወጀው ታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ቀጥሎ 72 ፋብሪካዎችና የንግድ ድርጅቶች ተወረሱ። የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት አንድ ግለሰብ በችርቻሮ ንግድ ከ200,000 ብር፣ በጅምላ ከ300,000 ብር፣ በኢንዱስትሪ ከ500,000 ብር በላይ ካፒታል እንዳያንቀሳቅስ ሆነ። በልደታ ነዋሪ አንደበት ሰፈሩ ሁሉ «ኮካ» ተብሎ የሚጠራበት የለስላሳ ፋብሪካ እንኳ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ፤ ሠራተኛውም ያንኑ የአሜሪካ መጠጥ በሶሻሊስት መንግሥት ደመወዝ እያሸገ ቀጠለ። ፋብሪካው ወደ ግል እጅ የዞረው በ1980ዎቹ ማብቂያ ነው።

ለተራው ሰው ግን ሥርዓቱ ማለት ቀበሌው ነበር። ቀበሌው ቤቱን ያከራያል፣ መታወቂያውን ይሰጣል፣ ጥል ይዳኛል፣ የነጻ ሕክምና ወረቀት ይጽፋል፣ ለስብሰባ ይጠራል፣ በሌሊት የጥበቃ ተራ ያስወጣል። ከሁሉ በላይ ቀበሌው መዝገብ አለው። በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን ወንድ ማን ሴት እንደሆነ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ የት እንደሚሠራ በዚያ መዝገብ ሰፍሯል። የደርግን ዘመን የልደታ ኑሮ ለመረዳት ይህን መዝገብ መከተል ይበቃል፤ የሰጠውም የነሣውም እሱ ነውና።

መጀመሪያ የሰጠው ይነገር። በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ቤተሰብ በቀበሌው የኅብረት ሱቅ ጤፍ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ነጭ ጋዝ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ በመንግሥት ዋጋ ይገዛል። ኩፖኑን ይዞ ወረፋ ይይዛል። ዕቃው የሚመጣበት ቀን አስቀድሞ ስለማይታወቅ «ስኳር ገባ» የሚለው ወሬ ሲሰማ እናት ጀበናዋን ከከሰል ላይ አውርዳ ትሮጣለች፤ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ በእናቱ ቦታ ይቆማል። ዕቃው ከሰልፉ ቀድሞ ያልቃል። የተረፈው ፍላጎት ከመርካቶ በድብቅ፣ በእጥፍ ዋጋ ይሟላል። ቡና የምታመርት አገር ዋና ከተማ ውስጥ ቡናው ለውጭ ምንዛሪ ስለሚላክ ቡና ማግኘት ራሱ ጭንቅ የሆነባቸው ጊዜያት ነበሩ። ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። ፖላንድ እ.ኤ.አ. በ1976 ስኳርን፣ በ1981 ሥጋን በካርድ አደለች፤ ኩባ እ.ኤ.አ. በ1962 የጀመረችው የራሽን ደብተር ዕድሜው ከአብዮቱ ትውልድ ጋር አብሮ ገፍቷል። ዋጋ በመንግሥት ቃል ዝቅ ብሎ በተቸነከረበት ቦታ ሁሉ ክፍያው በከፊል በሰዓት ሆነ። ያም ሰዓት በአብዛኛው የሴቶች ሰዓት ነበር።

ያ ርካሽ ጤፍ ከየት እንደመጣ ማንሳት ግድ ነው፤ ይህን ሳያነሱ «በደርግ ጊዜ ኑሮ ርካሽ ነበር» ማለት የሌላውን ሰው ድርሻ መካድ ይሆናል። መንግሥት በ1960ዎቹ ማብቂያ ያቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በጎጃም፣ በሸዋ፣ በአርሲ ገበሬው ላይ ኮታ ጥሎ፣ ከገበያ በታች በሆነ በቁርጥ ዋጋ እህሉን ይሰበስብ ነበር። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበባቸው ጊዜያት ነበሩ። በየመንገዱ ኬላ ተተክሎ ሰው ለቤቱ ቋጥሮ የሚያመጣው እህል እንኳ ይፈተሽ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በቀይ ባንዲራና በቅስት አሸብርቃ ስታከብር ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቁ ነበር። የልደታ ሰው በዚያ ዓመት በልቶ ያደረው መዝገቡ ለከተማ ያደላ ስለነበር ነው። ለከተማው ሰው ጥፋቱ አልነበረም፤ አብዛኛው ወሎ ምን እየሆነ እንዳለ የሰማው ዘግይቶ ነው። ሆኖም ሒሳቡ ሲወራረድ ወረፋ ላይ የቆመችው እናት ብቻ ሳትሆን ጎተራው የተጠረገበት ገበሬም ይቆጠር።

ሥራም ነበር። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሥራ ፈላጊ ሆኖ በየቢሮው አይዞርም ነበር፤ መንግሥት መድቦ 500 ብር ደመወዝ ይሰጠዋል። ምደባው ኦጋዴንም ይሁን ኢሉባቦር መሄድ ግዴታው ነው፤ ደመወዙ ግን የታወቀ ነው። ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተቸንክሮ ስለነበር ያ 500 ብር በወረቀት ላይ ከ240 ዶላር ይበልጥ ነበር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ጭማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል፤ በጊዜው የባንክ ምንዛሪ 80 ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ንጽጽር በየሻይ ቤቱ ይነሳል፣ ልብም ያሳዝናል። ግን የደርጉ 240 ዶላር እውነተኛ ዶላር አልነበረም፤ ማንም በዚያ ዋጋ ባንክ ሄዶ አይገዛውም፣ ቢገዛውም የሚሸምተው ዕቃ መደርደሪያ ላይ የለም። ንጽጽሩ በትክክል የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ በ500 ብር የሚኖር መምህር የቤት ኪራዩን ሲከፍል እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር። ዛሬ በ11,500 ብር የሚኖር መምህር ልደታ ውስጥ ከግለሰብ ቤት ከተከራየ ከደመወዙ የሚተርፈውን አስልቶ ነው የሚያድረው።

መሠረተ ትምህርትም ከዚያ ዘመን ስጦታዎች አንዱ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ቆይቷል፤ በዓመቱም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ጉልበቷ ላይ ሕፃን አስተኝታ «ሀ ሁ» የቆጠረች የልደታ እናት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ስትጽፍ ያስተማራት የሰፈሯ ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሊሆን ይችላል። የሶማሊያ ጦርነት ወላጅ ያሳጣቸው ልጆች በሺዎች እየተቆጠሩ ወደ ኩባ ተልከው ተምረዋል፤ ከእነሱም ውስጥ ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው የተመለሱ አሉ።

አሁን የነሣው።

ያው ስኳር የሚታደልበት መዝገብ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሰው የሚፈለግበት መዝገብ ሆነ። በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌው እስር ቤት ነበረው፤ የታጠቁ አብዮት ጠባቂዎች ነበሩት፤ የቤት ለቤት አሰሳ ሲታወጅ የቱ ቤት ወጣት እንዳለው ያውቃል። የተገደሉ ልጆች በየመንገዱ ተጥለው ያደሩበት፣ ወላጅ አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀበት፣ እናት ማልቀስ የተከለከለችበት ጊዜ ነው። በኋላ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ለ30 ወራት እንዲያገለግል ታዘዘ። ኮታው በየቀበሌው ተከፋፈለ፤ ቀበሌውም መዝገቡን ገለጠ። መዝገቡ ካልሞላ አፈሳ ነበር፤ ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሳይመለስ ይቀራል። በመኝታ ሥር፣ በቆጥ ላይ ወንድ ልጇን የደበቀች እናት በማግስቱ ጤፍ ለመቀበል ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ትሄዳለች፤ ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ «ልጅሽ የት ሄደ?» ይላታል።

የሥርዓቱ ጉዳት ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስላል። መንግሥቱ በጨካኝ ሰዎች እጅ ስለወደቀ ብቻ አይደለም፤ ጨካኝ ሰዎች በሌላም ሥርዓት ነበሩ። ቤትን፣ እንጀራን፣ ሥራን፣ ፍርድን፣ የጉዞ ፈቃድን አንድ ጽሕፈት ቤት ሲይዘው ሰው እምቢ የሚልበት ጥግ ያጣል። የኅብረት ሱቁን ሊቀመንበር የተቀየመ ሰው ሌላ ሱቅ የለውም። ከስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ ስሙ የተያዘ ሰው ቤቱን ያስባል። ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር ዓለም በቃኝ እስር ቤት ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትና ሌሎች እስረኞች ያለፍርድ የተረሸኑት እዚያ ነው፤ በኋላም በሺህ የሚቆጠር ተራ ሰው ታጉሮበታል። እስር ቤቱ ፈርሶ በቦታው ጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል፤ ሕንፃውን በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ በስጦታ ያስረከበችው ቻይና ናት።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. የአገሪቱ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ። የእህል ኮታው ተነሣ፣ ኬላው ላላ። ዘግይቶ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ።

ለውጡ መጀመሪያ የታየው ሱቅ ውስጥ ነው። በጥቂት ወራት ወረፋው ጠፋ፤ ስኳሩም ሳሙናውም ገንዘብ ላለው ሁሉ መደርደሪያ ላይ ተገኘ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። የግል ባንክ ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ተመሠረተ። ሰውዬው ሚኒባስ ገዝቶ ታክሲ ማሠራት፣ ሴትዮዋ ከበሯ ፊት ጉሊት መዘርጋት፣ የሠፈሩ ጎረምሳ ከመርካቶ ሸቅጦ መሸጥ የማንንም በጎ ፈቃድ አልጠበቀም። ከስብሰባ መቅረት ስኳር አያስቀርም። ልጅ ለዳቦ ወጥቶ ይመለሳል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ቀላል አድርጎ የሚያልፍ ሰው ያንን ዘመን አልኖረበትም ማለት ነው።

ዋጋውም አብሮ መጣ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የቀድሞ ሠራዊት በአንድ ጊዜ ሲበተን ከሜክሲኮ እስከ ጦር ኃይሎች መንገድ ዳር እጁን የዘረጋው ሰው ትናንት ማዕረግ የነበረው ነበር። የመንግሥት ድርጅቶች ሲሸጡ ሠራተኛ ተቀነሰ። የተመረቀ ሁሉ የሚመደብበት ዘመን አለፈና «ሥራ ፈላጊ» የሚል ካርድ መጣ። ፓስፖርት ማውጣት የሁሉ መብት ሆነ፤ በደርግ ጊዜ የመውጫ ቪዛ ሕልም ነበር። ከየሰፈሩ ወጣት ሴቶች ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ ሄዱ። በላኩት ገንዘብ ወንድም ተምሯል፣ እናት ታክማለች። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ የውጭ ሠራተኞችን ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ይህ ነጻነት እውነተኛ ነው፤ ብዙዎቹ የተጠቀሙበት ግን አገራቸው ውስጥ የሚያኖር ሥራ ስላጡ ነው።

በአገር ደረጃ ሲታይ የገበያው ዘመን ውጤት በቁጥር ይታያል። በ1988 ዓ.ም. ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ 45.5 በመቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 23.5 በመቶ ደረሰ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ሲጀምር የልደታ ሰው በሰፈሩ ስም የተሰየመ ጣቢያ አገኘ፤ ከተግባረ ዕድ ልደታ በጥቂት ደቂቃ መድረስ ተቻለ። ይህ ሁሉ በገበያ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ባቡሩ በመንግሥት ብድር የተሠራ ነው፣ ከደርግ በኋላ የገዛው ኢሕአዴግም ራሱን ልማታዊ መንግሥት ብሎ ይጠራ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር እንደነበረ ቀረ። ሱቁ ነጻ ሲወጣ፣ ባንኩ ነጻ ሲወጣ መሬቱ አልወጣም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የከተማም የገጠርም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና።

ስለዚህ የልደታ ሰው የገበያን ኑሮ የጀመረው የሶሻሊዝምን ቤት እንደያዘ ነው። በወር ጥቂት ብር፣ አንዳንዱም ከዐሥር ብር በታች እየከፈለ፣ በከተማው እምብርት፣ ለሥራው ቅርብ ሆኖ ኖረ። ያ ኪራይ ለድሃው ትልቁ ድጎማ ነበር፤ በጉሊት ያገኘውን ልጁን የሚያስተምርበት ዕድል የሰጠው እሱ ነው። ቤቱ ግን እያረጀ ሄደ። በጥቂት ብር ኪራይ ቀበሌው ጣሪያ አይቀይርም፤ ተከራዩ ደግሞ ያለፈቃድ ግድግዳ ማፍረስም መጨመርም አይችልም። ልጆች ሲያድጉ ቆጥ ተሠራ፣ ደባል ገባ፣ አንድ ሽንት ቤት ለብዙ አባወራ ሆነ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በዚህች ጠባብ ክፍለ ከተማ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይኖር ነበር።

መሬቱ በሊዝ ገበያ ላይ ሲወጣ የዚያ ጭቃ ቤት ቦታ ከቤቱ በብዙ እጥፍ ተወደደ። በ2002 ዓ.ም. ገደማ የልደታ መልሶ ማልማት ተጀመረ፤ 26 ሄክታር ያህል ሰፈር ጸዳ። ለነዋሪው ምርጫ ቀረበለት፤ ኮንዶሚኒየም መግዛት ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት መውሰድ። ኮንዶሚኒየም የመረጠ 20 በመቶ ቅድሚያ ከፍሎ የቀረውን ለባንክ በየወሩ ይከፍላል። አቅም ያለው የቤት ባለቤት ሆነ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወርሰው ነገር አገኘ፤ ውኃና ሽንት ቤት ቤቱ ውስጥ ገባለት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። አቅም የሌለው ደግሞ የደረሰውን ቤት አከራይቶ ራሱ ርካሽ ቤት ፍለጋ ወደ ከተማ ዳር ሄደ። ደባሉስ? ደባል በመዝገቡ ላይ ስለሌለ ምትክ አልነበረውም። ለመሬቱም ማንም ካሳ አልተከፈለውም፤ ተከራይ ነውና።

ከቤቱ ጋር የሄደ ሌላ ነገር አለ። በደርግ ጊዜም ሆነ በኋላ ድሃውን በመጨረሻው ሰዓት የያዘው ዕድሩ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚጥለው፣ ንፍሮ የሚቀቅለው፣ ሦስት ቀን የሚያስተዛዝነው ጎረቤት በአንድ ሰፈር አብሮ የኖረ ነው። ዕቁቡ፣ ማኅበሩ፣ «ልጄን ዓይንሽን ጣል አድርጊበት» ተብላ የምትታመነው ጎረቤት የሰፈር ውጤቶች ናቸው። ሰፈሩ ወደ ጀሞም ወደ አያትም ሲበተን አንዳንድ ዕድር ከሩቅ እየተሰበሰበ ለመቆየት ሞከረ፤ ብዙው ሳሳ። የጉሊት ደንበኛ ደግሞ ወደ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ አይወጣም። ካሳ የሚያሰላ ኮሚቴ ይህን የሚጽፍበት ዓምድ አልነበረውም።

በሰንጋ ተራ የሆነው ሌላው ምስክር ነው። ሰፈሩ ተነሥቶ አካባቢው የባንኮች መንደር ሆነ፤ ከዚያው ብዙ ሳይርቅ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአገሪቱ ረጅሙን ሕንፃ በየካቲት 2014 ዓ.ም. አስመረቀ። በዚያው አካባቢ የ40/60 ቤቶችም ተሠሩ። መርሐ ግብሩ 40 በመቶ ለቆጠበ 60 በመቶውን ባንክ ያበድረዋል የሚል ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች በ2009 ዓ.ም. ሲወጡ ግን ዕጣው የደረሰው ዋጋውን መቶ በመቶ ለከፈሉት ነው። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበው ከ450 ሺህ በላይ ሰው ነበር፤ ብዙው ቤት ሳያገኝ ዓመታት አለፉት። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25,000 በላይ ቤቶች ዕጣ ወጥቶ በኮምፒውተሩ ሥርዓት ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ተሰረዘ። ለዐሥራ ሰባት ዓመት ስሙ በመዝገብ ላይ የቆየ ሰው ያን ቀን የተሰማውን ኩፖን ይዞ ስኳሩ ያለቀበት የ1970ዎቹ ሰው ያውቀዋል።

ወረፋውም ራሱ ጨርሶ አልጠፋም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ፤ ስኳርና ዘይት ከሱቅ ተሰወሩ፤ ጣሪያው በወራት ውስጥ ተነሣ። ስኳርና የፓልም ዘይት ግን ወደ ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ገቡ፤ መታወቂያና ደብተር ይዞ ሰልፍ ተመለሰ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ጸደቀ፤ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ አከራይ በፈለገው ጊዜ እንዳይጨምር ደነገገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በአንድ ዓመት ውስጥ ኪራይ ወደ 1967 መንፈስ፣ ብር ወደ ሙሉ ገበያ ሄዱ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ ዛሬም በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለውም፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ብቻ ነው የተናገረው።

እዚህ ላይ የሥርዓቶች ስም ብዙ እንደማይረዳ ግልጽ ይሆናል። ሲንጋፖር በካፒታሊስትነቷ ማንም አይጠረጥራትም፤ ከነዋሪዎቿ 80 በመቶ ያህሉ ግን መንግሥት በሠራው ቤት ይኖራል፣ አብዛኛው መሬትም የመንግሥት ነው። በቪየና ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ የከተማው ወይም የተደጎመ ቤት ውስጥ ነው። ልዩነቱ እዚያ ነዋሪው በጽኑ ውል የተያዘ፣ ፍርድ ቤት የሚሰማው፣ ቤቱም የሚጠገንለት መሆኑ ነው። የልደታ የቀበሌ ተከራይ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ርካሽ ኪራይ ነበረው፤ መብት ግን አልነበረውም። ደርግ ለጠላው ሰው ሊነጥቀው ይችል ነበር፤ የኋላው መንግሥት መሬቱ ሲወደድ አነሣው። ባለቤቱ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ተብሎ ቢጠየቅ የዚህ ምዕራፍ መልስ የተሸፈነ አይደለም። ልጅን በጠራራ ፀሐይ የሚወስድ ሥርዓት በርካሽ ጤፍ አይካስም፤ በዚህ ረገድ ከግንቦት 1983 በኋላ ያለው ዘመን ለብዙ የአዲስ አበባ እናት እፎይታ ነበር። ግን ያ ፍርድ ዛሬ በአንድ ክፍል ቤት ደመወዙን ለአከራይ የሚገብረውን ወጣት መልስ አይሆነውም። አያቱ «በደርግ ጊዜ ቤት ነበረን» ስትለው ሽብሩን ናፍቃ አይደለም፤ የሚያስወጣኝ አከራይ አልነበረም ማለቷ ነው። እሱም ያንን ቢመኝ ኮሚኒስት ሆኖ አይደለም።

በአዲስ አበባ ከ100 ሺህ በላይ የቀበሌ ቤቶች ዘመናትን ተሻግረዋል፤ የመልሶ ማልማቱና የኮሪደር ሥራው በያመቱ ቁጥራቸውን እየቀነሰ ነው። በሚቀጥለው ሰፈር ሥራው ሲጀመር ቆጠራው ደባሉን ይጨምር፤ ጉሊቷም ዕድሩም ይመዝገቡ፤ ምትክ ቤት የሚሰጠው ሰው የሚከራከርበት ውል በእጁ ይያዝ። አንባቢም ልደታ፣ አብነት ወይም ጌጃ ሰፈር ያደገች እናት ወይም አያት ካለችው፣ ኩፖኑ እንዴት እንደነበረ፣ ኪራዩ ስንት እንደነበረ፣ ማን ከቤት ወጥቶ እንዳልተመለሰ ቁጭ ብሎ ይጠይቃት፤ የምትነግረውንም በጽሑፍ ያኑረው። ሁለቱንም ዘመን ከመጀመሪያው ጀምሮ በአዋቂነት የኖሩት ሰዎች ዛሬ ሰባ የተጠጉ ወይም ያለፉ ናቸው።